ጽጌ ዱላውን ያልሰጠችበት ቅዳሜ

የበደለችኝ አስካለ ናት፤ ያን ጊዜ መምህርት አስካለ ይሏት የነበረችው የስፖርት አስተማሪ። የበደለችኝም ልጄ ጽጌ ሃያ ዓመት በሞላት ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና ሳይደርቅ፣ በመስከረም ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነው። ስሟን ሳልደብቅ የምጽፈው ሰዎች ዛሬ እሷ ስትመጣ ከወንበራቸው ብድግ ስለሚሉላት ነው። እኔ አልነሳላትም።

ባለፈው ሳምንት ክርና መርፌ ልገዛ እዚሁ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ወርጄ ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ባጃጆቹ ጭቃውን እየረጩ መተላለፊያ ነስተውናል። ከሸቤ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ቢጫ ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች እየተጋፉ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ እንደ ጽጌ ያሉ ናቸው፤ ሳያቸው አውቃለሁ፣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ከኋላቸው አንዲት ሸበቶ ሴት ወረደች፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። አስካለ ናት። ረዳቱ ጆንያ እያወረደላት "እማማ አስካለ፣ ይሄ ኖራ የት ይቀመጥ?" አላት። ለሜዳው ማስመሪያ መሆኑ ነው። ጆንያው ሲወርድ ነጭ አቧራ ቦነነ፣ ሽታውም እኔ ድረስ መጣ። እርጥብ መሬት ላይ የፈሰሰ ኖራ አፍንጫን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ለእኔ አዲስ የተለሰነ መቃብር ነው የሚሸተኝ። ከልጆቹ አንዱ እግሩን ወደ እሷ ዘረጋ፣ እሷም ጭቃው ላይ ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ አሰረችለት። የቆሙት ሰዎች በአድናቆት ያዩአታል። ፊቴን ወደ አንድ ሱቅ አዞርኩና የተሰቀሉ የሕፃናት ልብሶችን የምመርጥ መሰልኩ። እስክትሄድ ጠብቄ፣ ክሩንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

መርካቶ ያን ጊዜ የተሻለ ነበር ብዬ አልዋሽም። ጭቃው ያን ጊዜም ነበረ፣ ሌባውም ነበረ። ግን ባጃጅ አልነበረም፤ በጋሪ ፈረስ ቃጭል ነበር መንገድ የሚለቀቀው። ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከመንዝ ወደ ጅማ ሲመጣ ብዙ አንቆይም ብሎኝ ነበር። እሱ እዚሁ ታሞ ሞተ፣ እኔ ከአንዲት ልጄና ከአንድ የስፌት መኪና ጋር ቀረሁ። ከእህል ተራው ወደ ጨርቅ ተራው በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ የተማሪ ልብስ እሰፋ ነበር። ካኪው በጥቅል ይመጣል፣ ቴትሮኑ በሜትር ይቆረጣል፤ ፖፕሊን ደግሞ ለበዓል ብቻ ነው የሚጠየቀው። ሴቶች ጉርድ ከጉልበት በታች፣ ወንዶች ሱሪ ከታች ሰፋ ያለ ነበር የሚያሰፉት፣ ቀጥሎ ጠበበ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ ሰፋ አሉኝ። በስሙኒ አንድ እጅ ሙዝ ይገዛ ነበር። አቮካዶ ግን ዋጋም አልነበረው፤ የበሰለውን ከብት ይበላው ነበር። ማዶ ያለው ካሴት ቤት ጠዋት መንፈሳዊ መዝሙር ከፍቶ፣ ከሰዓት የኦሮምኛ ዘፈን፣ ወደ ማታ ደግሞ ሆድ የሚያባባ የክራር ዜማ ያሰማናል። መኪናዬን በዚያ ምት ነበር የምረግጠው።

ጽጌ እንደ ሌላ ልጅ አይደለችም። ዛሬ በሬዲዮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይሉታል። ያን ጊዜ ለእኛ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረንም፣ ጅል ነበር የሚሏት። የሚያዝኑላት ደግሞ የእግዜር ልጅ ይሏታል፤ እኔ ይህንንም ከስድብ ነው የምቆጥረው። ትምህርት ቤት ሞክሬ ነበር፣ መልሰው ሰጡኝ። ስለዚህ እኔው ራሴ አስተማርኳት፣ የመርካቶን ትምህርት። መጀመሪያ መላክ ነው የተማረችው። ስኳር ላክኳት፣ ባዶ እጇን መጣች።

"ስኳሩስ?"

"ሰውዬው እናትሽ ስጪው ብላለች አለኝ።"

ሌላ ቀን ጋዝ፣ ሌላ ቀን ቅቤ። ያገኛት ሁሉ አምጪ ይላታል፣ ትሰጣለች። እጇ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ይህ ስኳር በማጣት ብቻ እንደማያበቃ የመርካቶ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስጎነጉንላት እጠይቃታለሁ።

"የያዝሽውን ለማን ነው የምትሰጪው?"

"ለእማዬ።"

"ጎረቤት ቢልሽስ?"

"ለእማዬ።"

"ፖሊስ ቢልሽስ?"

"ለእማዬ።"

"ቄስ ቢሉሽስ?"

እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ቄሱን ትወዳቸው ነበር። "ለእማዬ" ትላለች አፏን በእጇ ሸፍና።

የጠፋ ነገር ሲኖር ቆንጥጫታለሁ። ስትረሳ ደግሜ ጠይቄያታለሁ። በመጨረሻ ገባት፤ ከገባት በኋላ ከእጇ ላይ ክር እንኳ የሚያስለቅቃት ሰው ጠፋ። የያዘችውን ደረቷ ላይ ጨብጣ፣ ማንም እንዳያቆማት አንገቷን አቀርቅራ ትሮጣለች። የአዌቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግራ ቤት ደርሳ እስክትመለስ የጀመርኩት ኮሌታ አያልቅም ነበር። ተሸካሚዎቹ ሲያዩአት ይጮሃሉ። "አቦ መንገድ ልቀቁ፣ የመንግሥት ፖስታ ነው!" ይሏታል። አንዱ አቁሟት "ጽጌ፣ ለእኔስ ምን ይዘሽልኛል?" ሲላት "ለእማዬ" ብላ ክንዱ ሥር ታልፋለች። ያ ሰው ሌላ ጊዜ አልሞከራትም። ሩጫዋ የመጣው ከዚህ ነው። አስካለ ሜዳ ላይ አግኝታ የፈጠረችው አይደለም።

ከሱቄ ጎን በጣውላ ብቻ ተለያይተን ረሂማ የምትባል ከሰርቦ የመጣች ሴት ኮረሪማና ዝንጅብል ትሸጥ ነበር። የእሷም ልጅ ነዚፍ እንደ ጽጌ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ቃሉ ትንሽ፣ ደስ ሲለው የሰውን እጅ ይዞ የማይለቅ። በዚህ ምክንያት ከእህት በላይ ነበርን። አንዳችን ለጉዳይ ስንሄድ ሌላዋ ሁለቱንም ትጠብቃለች። የእሷን ጾም እኔ አከብርላት ነበር፣ እሷም የእኔን። ስለዚህ ቅሬታዬ ከአስካለ ጋር ብቻ አይደለም፣ ግን በተራው እደርስበታለሁ።

አስካለ ሱቄ የገባችው ልብስ ልታሰፋ መስሎኝ ነበር። ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች፤ ያን ጊዜ ሴት በቱታ መርካቶ ስትገባ ሚዛን ላይ ያለ ሰው ሚዛኑን ትቶ ያያታል። ልጅ እግር ናት፣ ፊቷ ላይ ድካም የሚባል የለም።

"እትዬ፣ ያቺ የምትሮጠው ልጅ የእርስዎ ናት?"

"ምን አጠፋች?"

"ምንም። የእግሯ ቁጥር ስንት ነው?"

ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችኝ። የዱላ ቅብብል ቡድን እያቋቋመች ነው። ሁለቱ ከተማሪዎቿ፣ ሁለቱ እንደ ጽጌና እንደ ነዚፍ ካሉት ይሆናሉ፤ አብረው ይለማመዳሉ፣ አብረው ይሮጣሉ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይጨርስም። በአጋሮም በሌሎቹም ከተሞች እንዲህ ያሉ ቡድኖች ተጀምረዋል፤ አሸናፊው አዲስ አበባ ይሄዳል።

"መሳቂያ ልታደርጊያት ነው?" አልኳት።

"እዚህ አይደል እንዴ የሚስቁባት፣ እትዬ? እዚያ ያጨበጭቡላታል።"

ረሂማ ከጣውላው ወዲያ ሆና ሁሉን ሰምታለች። "በላይነሽ፣ እሺ በያት አቦ" አለችኝ። "የኔ ነዚፍ ጀምሯል። ወላሂ፣ ማታ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛልኝ። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ ታዲያ፣ እኛ ስንሞት ማን ይጠብቃቸዋል? ከሰው ይልመዱ እንጂ።"

እሺ አልኩ። እሺ ብቻም አላልኩም፣ ከተማሪ ልብስ በተረፈ ቢጫ ቴትሮን ለአራቱም ቁምጣ ሰፍቼ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ጥብጣብ አድርጌ ሰጠሁ። ዛሬ የአስካለ ልጆች ለምን ቢጫ እንደሚለብሱ የሚጠይቅ የለም።

ጽጌ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበቷ ላይ ሣር ተለጥፎ ትመጣ ጀመር። ዱላቸው ከቡና እንጨት ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ በጠርሙስ ስባሪ የለሰለሰ ነበር፤ አንድ ቀን ይዛው መጥታ አይቼዋለሁ፣ ያበራል። እኔ ልምምዱን ሄጄ አላየሁም፣ ቅዳሜ የገበያ ቀኔ ነው። እየበላች ታወራልኛለች። "ለነዚፍ ሰጠሁት" ትለኛለች። ክፉኛ ደነገጥኩ። በማግስቱ ፀጉሯን ስጎነጉን የጠዋቱን ጥያቄ ጠየቅኳት።

"የያዝሽውን ለማን?"

ጣቶቿን አየች። እጄ ፀጉሯ ላይ ቆመ። ብዙ ቆይታ፣ "ሜዳ ለነዚፍ" አለች፣ "መርካቶ ለእማዬ።"

በራሷ ለይታዋለች። ማንም እንዲህ በዪ አላላትም፣ አስካለም በኋላ ስትሰማው ገርሟታል። ይህን የምጽፈው ልጄ ምን መቻል እንደምትችል የማውቀው እኔ መሆኔ እንዲታወቅ ነው።

የውድድሩ ዋዜማ አስካለ ቤቴ ድረስ መጣች። ወንበር ስሰጣት አልቀመጥም አለች፤ ያኔ ነው ነገር እንዳላት የገባኝ።

"እትዬ በላይነሽ፣ ነገ ቢመጡ ደስ ይለኛል። ግን ፊት ለፊት አይቀመጡ። ከኋላ ከሕዝቡ ጋር ይሁኑ።"

"ለምን ሲባል?"

"ጽጌ እርስዎን ሜዳ ላይ አይታ አታውቅም። ሁለቱ ነገር ይደባለቅባታል።"

"ልጄ እናቷን አይታ ነው የምትደናገረው?"

"ለነገ ብቻ ነው፣ እትዬ። ለሚቀጥለው አብረን እናለማምዳታለን።"

አልመለስኩላትም። ዝምታዬን እሺታ አድርጋው ሄደች። ለእኔ ግን ያ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። ልጅቷን ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ቁምጣዋን ሰፍቼ፣ የሷ ቀን ሲደርስ በሰው ጫንቃ ላይ አንገቴን አስግጌ ልይ? ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዬን ተሸክሜ ሄድኩ፤ ሜዳው ጠርዝ ላይ፣ የኖራው መስመር አጠገብ አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ማንም አላስነሳኝም።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ኖራው ሣሩ ላይ ደምቆ፣ አንዳንድ ቦታ ፈስሶ ነበር። ሞንታርቦው ይጮሃል። ሎሚና የተቀቀለ በቆሎ የሚሸጡ ልጆች በመሃል ይሽሎከለካሉ። ከየከተማው የመጡ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸውን ደብቀው ያሳደጉ፣ ፀሐይ የበዛባቸው ይመስል ዓይናቸውን የሚያጨነቁሩ። ነዚፍ መጨረሻ ሯጭ ነው። ጽጌ ሦስተኛ ሆና ለእሱ ታቀብላለች። እሱ ከእኔ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አስካለ እንዳስተማረችው ፊቱን ወደፊት አድርጎ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መዳፉን ከፍቶ ቆሟል።

ጽጌ ዱላውን ስትቀበል ሦስተኛ ነበርን። መታጠፊያው ላይ ሁለተኛ ሆንን። ከዚያ አንደኛ። እንዲያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር፤ መርካቶ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሮጠው፣ እዚህ ግን ቀና ብላለች፣ ዱላው ከእጇ ጋር ይወዛወዛል። ያላወቀ ሰው እንደ ማንም ልጅ ናት ይላል። ሕዝቡ ስሟን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ "ጽጌ! ጽጌ!" ይላል። ነዚፍ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

አልጠራኋትም። እጄንም አላነሳሁም። ይህን እንደ መሐላ ያዙልኝ። ጽጌ ዱላውን ደረቷ ላይ ጨብጣ፣ አንገቷን አቀርቅራ፣ ነዚፍን አልፋ ከመስመሩ ወጣች። ኖራውን ረግጣ መጥታ ዱላውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ለእማዬ" አለች እያለከለከች። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ሕዝቡ ሳቀ። ሌሎቹ ቡድኖች አለፉ። ነዚፍ ግን አልዞረም፤ አትዙር ተብሏልና መዳፉን ወደ ኋላ ዘርግቶ እንደቆመ ነው።

አስካለ እየሮጠች መጣች። "ጽጌ፣ ዱላውን ስጪኝ፣ ነዚፍ ይጨርስ" አለቻት። ጽጌ ዱላውን ከጭኔ አንስታ መልሳ ጨበጠችው። ስጪኝ፣ አልሰጥም ሆነ። አስካለ የልጄን ጣቶች በኃይል ፈልቅቃ ዱላውን ወሰደች። የጽጌ ጥፍር ተገነጠለ፣ ጩኸቷ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር፣ ሕዝቡም ያን ጊዜ ነው መሳቁን ያቆመው። ነዚፍ ዱላው መዳፉ ላይ ሲደረግለት ብቻውን ሮጦ ጨረሰ። ለእሱ አጨበጨቡለት። እኔ የልጄን ጣት በነጠላዬ ጫፍ እያሰርኩ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጊዜ ያስረሳኝ ነበር። ተመልሳ መጥታ፣ እናቶቹ ሁሉ ከበውን ቆመው፣ ሳትጮህ፣ ለተማሪ እንደምታስረዳ ሁሉ እንዲህ አለችኝ፦ "ጽጌ አላጠፋችም። ያጠፉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ በላይነሽ። ልጅቷ ሁለት ጤነኛ እጅ አላት፤ ሁለቱንም ለራስዎ አሰሯቸው።"

እንዲህ ነው ያለችኝ። ለባልቴት፣ በአገር ፊት። ረሂማ ከጎኔ ነበረች፣ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ቃል አልወጣትም። ወደ ቤት ስንመለስ ነዚፍ የጽጌን ደህናውን እጅ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ እኛ ዝም ብለን እንከተላለን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ "በላይነሽ፣ አነጋገሯ ልክ አይደለም" አለችኝ፣ "ግን ነገሩን አስቢበት።"

"አንቺም እንደሷ ነው የምታስቢው?"

"የኔን ልጅ ማንም ዘርፎት አያውቅም መሰለሽ? ዘርፈውታል። ቢሆንም እጁን ዝጋ አላልኩትም።"

"ያንቺ ወንድ ነው።"

እርምጃዋን ፈጠን አድርጋ ልጆቹን ደረሰችባቸው። ከጣውላው ወዲያና ወዲህ ሆነንም፣ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝም፣ ሰላም ለኪ፣ ነጋያ፣ ከመባባል አልፈን አናውቅም ከዚያ ወዲህ። በሚቀጥለው ዓመት ነዚፍ አዲስ አበባ ሄዶ ሜዳሊያ ይዞ መጣ፣ ረሂማም ኮረሪማዋ በላይ ሰቀለችው። አሁን እሷ አርፋለች። ነዚፍ ቡና መጋዘን ይሠራል፣ በሰው ተከቦ ሲሄድ አየዋለሁ፤ የሥራ ጓደኞቹ ምሳ ሳይበላ አይበሉም ይባላል። ሲያየኝ ከሩቅ እጁን ያነሳል። አንዳንዴ "ጽጌስ?" ይለኛል። ደህና ናት እለዋለሁ።

ደህና ናት። አርባን አልፋለች። ከጎኔ ተቀምጣ ቁልፍ በየቀለሙ ትለይልኛለች፣ ስትጨርስ ደባልቄ መልሼ እሰጣታለሁ። ወፍራለች፣ ጉልበቷ ያብጣል። ሐኪሙ በእግሯ ትሂድ ይለኛል። ወደየት እንደምትሄድ ግን አይነግረኝም። ሬዲዮው ሰው ሰውን ማካተት አለበት ሲል ድምፁን እቀንሳለሁ። እነዚያ ሁሉ የሚያጨበጭቡት ከጨዋታው በኋላ ወደየቤታቸው ነው የሚሄዱት። መንገድ ላይ ልጄን አንዱ ቢያስቆማት፣ ነይ ቢላት፣ አስካለ ፊሽካ ነፍታ ታድናት ነበር? ይህን ጥያቄ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ መልስ አይኖራትም ነበር፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ጽጌ ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን አጥፋ ነበር የምትተኛው። አስካለ ጥቂት ቆይታ መጣች። የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ቆምኩባት።

"በሕዝብ ፊት መናገር አልነበረብኝም" አለችኝ። "ጣቷንም እንዲያ መያዝ አልነበረብኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።"

በሩን አልለቀቅኩም።

"ጽጌ ትምጣልኝ። እርስዎም ይምጡ፣ አብረን እናለማምዳታለን። እርስዎ ባሉበትም ለነዚፍ መስጠት ትችላለች፣ እርግጠኛ ነኝ።"

"ጽጌ የለችም። መንዝ፣ ለአባቷ ዘመዶች ልኬያታለሁ።"

"መቼ ትመለሳለች?"

"አትመለስም።"

ጽጌ ጓዳ ነበረች። ዝም በዪ ብያት ስለነበር ዝም ብላለች። አስካለ ትንሽ ቆማ ጠበቀች፣ ከዚያ ደህና ይሁኑ ብላ ሄደች። በዚያው ዓመት ወደ ሸቤ ተዛወረች።

እኔ በወሩ መጨረሻ ሱቁን ለቀቅኩ። የስፌት መኪናዬን በጋሪ አስጭኜ ቤት አስገባሁ፤ ደንበኞቼም ሥራ ሲኖራቸው ወደ ቤት እንዲያመጡ ነገርኳቸው። ቢጫውን ቁምጣ ተርትሬ ለትራስ ልብስ አደረግኩት። ለግቢው በር ጓጉንቸር ገዛሁ፣ መክፈቻውን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጽጌ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ወጥታ አታውቅም።